አሥራ ሦስተኛው ገጽ

ሥራዬ ቀን ማተም ነው፤
ጎንደር፣ ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ጓሮ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣
ዓመትን ቆራርጬ፣ በቀይና በጥቁር ቀለም የማከፋፍል።
ቀዩ ለበዓላት፣ ጥቁሩ ለተራው ቀን፤
እንሸጥ ነበር ዘመን፣ ጳጉሜን ከነሐሴ ግርጌ አጣብቀን።

ቺዙሩ፣ ከጃፓን የመጣች አዋላጅ፣ የጓሯችን ተከራይ፣
«አሥራ ሦስት?» አለች፣ በጣቷ ስትቆጥር፣ ግድግዳዬን ስታይ።

በታኅሣሥ ሃያ ሁለት ሌሊት፣ ሰው ሁሉ በተኛበት፣
የብረት ድስት በማንኪያ መታች፣ ቀስ ብላ፣ መቶ ስምንት።
ያገሯ ደወል እንዲያ ነው አሉ፤ ለያንዳንዱ ምኞት አንድ ምት፣
አሮጌው ዓመት ሳይወጣ ከሰው ልብ ተነቅሎ እንዲወጣለት።
ውዳላት አልጋ ላይ ተገላብጣ፣ «የኔ ከመቶ ስምንት ያልፋል፤
ንገራት፣ ድስቱ ሳይሰበር ትተኛ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

ጥር በባተ ባሥራ አንደኛው፣ ከፋሲል መዋኛ፣ ከዛፉ ሥር፣
ታቦቱ ሲያልፍ አብራን አጎንብሳ፣ ስትነሳ ታወራ ጀመር፦
«ባገሬም ቅዱሱ ነገር በዓመት አንዴ ከቤቱ ይወጣል፣
እኛ በትከሻ፣ እናንተ በራስ…» አላስጨረሳት ጓንጉል፣
የግቢው ዘበኛ፤ «ታቦትን ከምን አገናኘችው?» ብሎ
ሳምንት ሙሉ አኮረፋት፣ ጋቢውን እስካፍንጫው ጠቅልሎ።

በወሩ ማብቂያ፣ ሽምብራ ቆሎ ከጓዳ እስከ በር ስትበትን፣
«ሰይጣን ውጣ! ሲሳይ ግባ!» ስትል፣ መታችው ጓንጉልን።
ለቅሞ ቆረጠመው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አለና፦
«ሰይጣኑ እኔ ከሆንሁ፣ እስቲ ጨምሩልኝ እንደገና።»

የካቲት ላይ ለልጄ ለትብለጥ የወረቀት ንግሥትና ንጉሥ ሠራች፤
«በዓሉ ባለፈ ማግስት አንሺያቸው፣ አለዚያ ባል ይዘገያል» አለች።
ትብለጥ ሆን ብላ እስከ ሚያዝያ፣ እስከ ሰርግ ወር አቆየች።

ጃካራንዳው ወይን ጠጁን ሲያረግፍ፣ ከሥሩ ሰሌን አንጥፋ፣
«ምን ትጠብቂያለሽ?» ላላት ሁሉ፣ «ላየው ነው፣ ሳይጠፋ።»

ሰኔ ሠላሳ፣ በሸመል ቅርንጫፍ ምኞታችንን ጽፈን ሰቀልን፤
ውዳላት የቧንቧ ውሃ፣ ትብለጥ የማትሪክ ውጤት፣ እኔ አዲስ ማሽን።
ሌሊት ዘነበ። ቀለሙ ወርዶ ማን ምን እንደተመኘ ጠፋን።

ነሐሴ አሥር ግን፣ በፍልሰታ፣ ማምሻውን ቀልዱ አበቃ።
ከካላንደሬ ትራፊ ፋኖስ አጣጥፋ፣ ሻማ ተክላ፣ ተጠንቅቃ፣
«ሙታን ሦስት ቀን ከኛ ከርመው ዛሬ ይመለሳሉ» አለችን፤
«አባቴ መንገዱ እንዳይጨልምበት።» ቀሃ ወረድን ተከትለን።
ክረምት ነው፤ ወንዙ ደፍርሶ ድንጋይ ያንከባልላል።
ፋኖሷ አሥር ክንድ ሄዳ ጠፋች። አፈርሁ፤ የገዛ ወንዝ ያሳፍራል።
እሷ ግን «ደርሷል» ብላ እጇን ታጠበች።

ያኔ ጓንጉል ከጨለማው፣ ባትሪውን አጥፍቶ፦
«የት እንደወደቀስ ያልታወቀ? መቃብር የሌለው ከቶ?
ለሱም ይበራል?»
አሥራ አራት ዓመት በራችንን ጠብቋል፤
ልጅ እንደነበረው ያን ማታ ሰማሁ።
ወረቀት አልቋል። ከኪሴ የማረሚያ ቅጂ፣ የነሐሴን ገጽ አወጣሁ፤
ከግርጌው ጳጉሜን ቀደድሁ።
ቺዙሩ አጠፈችው። ትብለጥ ስሙን ጻፈች፦ ቢያድግልኝ።
«ምን ማለት ነው?» አለች ቺዙሩ።
ማንም አልመለሰላት።
ጓንጉል አማተበ፣ ጎንበስ ብሎ ለቀቀው፤
ያኛው፣ እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ በድልድዩ ሥር አለፈ።
እስክናጣው ቆምን።

ቺዙሩ ሄዳለች፤ የጎደጎደውን ድስት ለውዳላት ትታ።
እኔ አሁን ጳጉሜን ለብቻዋ፣ በሙሉ ገጽ አትማለሁ፤
ነጋዴው «ላምስት ቀን? ወረቀት ማባከን!» ይላል፤ እሰማለሁ።
ነሐሴ አሥር ሲደርስ ጓንጉል በሩን ያንኳኳል፣ ምንም አይልም።
ቀድጄ እሰጠዋለሁ።
ስለዚህ በኛ ቤት፣ ጳጉሜ ስትገባ፣
ግድግዳው ላይ ያለው ሚስማሩ ብቻ ነው።